ትል የሌለበት ግቢ ወፍ አይኖረውም

ባለፈው እትማችን ስለ ግቢና ስለ ወፎች ያላችሁን ጥያቄ እንድትልኩልን ጋብዘናችሁ ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙ አንባቢዎችን ይጠቅማሉ ያልናቸውን አምስት ጥያቄዎች መርጠን፣ ሐሳባቸውን ሳንለቅ አሳጥረን፣ ከነመልሳቸው እነሆ ብለናል።

ጥያቄ፦ ሰሚት አካባቢ ቤት ሠርተን ከገባን ጥቂት ዓመታት ሆነን። ቦታው 175 ካሬ ሜትር ሲሆን ከቤቱ የተረፈው ግቢ ግማሹ ሴራሚክ ተነጥፎበታል። በቀረው ላይ የሣር ምንጣፍና ሁለት ለጌጥ የተተከሉ ዘንባባዎች አሉን፤ አጥሩን ተከትሎም የፈረንጅ ጥድ አለ። ልጅ ሆኜ ባደግሁበት የጉለሌ ግቢ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰን የወፎች ዝማሬ ነበር። እዚህ ግን ሩዝና ዳቦ ብንበትንም የሚመጡት ድንቢጥና ዋኖስ ብቻ ናቸው። ምን ብንተክል ይሻላል? (ወ/ሮ ሰ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወይዘሮ ሰ.፣ ስለ መትከል ከማንሳታችን በፊት ወፎች ምን በልተው እንደሚኖሩ መነጋገር ይኖርብናል። በአዲስ አበባ ከሚኖሩት ወፎች ብዙዎቹ ዳቦም ሩዝም አይቀምሱም፤ የሚኖሩት በአባጨጓሬ፣ በሸረሪት፣ በምስጥ፣ በአበባ ወለላና በዱር ፍሬ ነው። ጥሬ በመልቀም የሚታወቁት እነ ድንቢጥ ሳይቀሩ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በአብዛኛው ነፍሳት እያበሉ ነው፤ ገና ላባ ያላወጣ ጫጩት ደረቅ ጥሬ መፍጨት ስለማይችል፣ በፍጥነት ለማደግ የሚያስፈልገውን ፕሮቲንና ውኃ የሚያገኘው ከለስላሳ ትል ነው። ስለዚህ አንድ ግቢ ወፍ ሊያኖር መቻሉ የሚታወቀው በውስጡ ያሉት ዕፅዋት ትል የሚያፈሩ መሆናቸው ሲታይ ነው። የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከአካባቢው የመጣ ዛፍ ነው፤ የሣር ምንጣፍም በየሳምንቱ ስለሚታጨድ አያብብም፣ አያፈራም። እነዚህ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆነው ቢታዩም ለወፍ ማዕድ የሚሆን ነገር አይገኝባቸውም።

በእርስዎ ቦታ ስፋት አንድ የአገር ዛፍ ብቻ ይበቃል፤ ምርጫውን ግን በጥንቃቄ ያድርጉ። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ቢሆንም ዕድሜው ረጅም ነው፤ ፍሬውን ዋኖሶችና ሌሎች ብዙ ወፎች ይመገቡታል። ብሳና በፍጥነት ያድጋል፣ ቅጠሉን ነፍሳት ይበሉታል፣ ፍሬውም ለወፎች ይሆናል። ዋንዛ በነጭ አበባው ንቦችንና ሌሎች ነፍሳትን ይስባል፤ የሚያጣብቀው ጣፋጭ ፍሬው ለልጆችም ለወፎችም ነው። ሾላና ዋርካ ለወፍ ከሁሉ የበለጡ ዛፎች መሆናቸው አያጠራጥርም፤ ይሁን እንጂ ሥራቸው መሠረትና አጥር ስለሚሰነጥቅ ለሰፊ ግቢ፣ ለትምህርት ቤትና ለቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንጂ ለእርስዎ አልመክራቸውም።

የፈረንጅ ጥዱን በአንድ ጊዜ መንቀል አያስፈልግም፤ አሁን ያሉት ጥቂት ወፎች የሚያድሩት እዚያው ሊሆን ስለሚችል ከአንድ ጎን ጀምረው በየክረምቱ ጥቂት ጥቂቱን በአጋም፣ በቀጋና በኮሽም ይተኩት። እነዚህ ሦስቱ እሾሃም ናቸው፤ እሾሃቸው ሌባን ብቻ ሳይሆን ድመትንም ስለሚከለክል ወፎች ጎጆ ለመሥራት ይመርጧቸዋል። አጋም ሲያብብ መዓዛው ግቢውን ያውዳል፣ ፍሬውም ይበላል።

ከሥራቸው የፈረስ ዘንግና እሬት ይትከሉ። በተለይ የፈረስ ዘንግን በመንገድ ዳር እንደ አረም የሚያዩት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ለአዲስ አበባ ግቢ ከማንኛውም የችግኝ ጣቢያ አበባ አስቀድሜ የምመርጠው እሱን ነው። ግንዱ ላይ ደረጃ በደረጃ በተደረደሩት ብርቱካናማ የአበባ ክምሮች ላይ በተከዜ ወንዝ ስም የምትጠራው ወለላ ጠጪ ወፍ ትንጠለጠላለች። ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲሆን ከሰል መስሎ ይታያል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ደረቱና ጀርባው እንደ ተወለወለ ብረት ሐምራዊ ሆኖ ያበራል፣ ከጭራው መካከልም ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይወርዳሉ። አበባው እንደ ቱቦ የጎበጠ ነው፤ የወፉም ምንቃር እንደዚያው የጎበጠ በመሆኑ ሰተት ብሎ ይገባል። ሲወጣ ግንባሩ ላይ የአበባው ዱቄት ተነስንሶ ይታያል፤ ይህንኑ ዱቄት ወደሚቀጥለው አበባ ያደርሳል። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከመስኮትዎ ሥር ሁለት ሦስት ሥር መትከል ይበቃል።

የመትከያው ጊዜ ዝናቡ ሲጸና፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠበቅብዎ ሥራ ጽዳቱን መቀነስ ነው። የሣሩን አንድ ጥግ ሳያጭዱ ቢተዉት በጥቅምትና በኅዳር ዘር ይይዛል፤ ጥሬ ለቃሚ ትናንሽ ወፎችም ያለ ሩዝና ያለ ዳቦ ይመጣሉ። ከዛፉ ሥር የረገፈውን ቅጠል አይጥረጉት፤ በእርጥብ ቅጠል ሥር የሚርመሰመሰው ትል ቅጠል እየገለበጡ ለሚመገቡ ወፎች ዋነኛ ጓዳ ነው። ሠራተኛዎ ወይም አትክልተኛዎ ይህን እንደ ስንፍና እንዳያዩት አስቀድመው ያስረዷቸው። ፀረ ነፍሳት መርጨቱንም ይተዉ፤ ጎመን ላይ ትል ቢወጣ በእጅ መልቀም ይቻላል።

ውኃ ካስቀመጡ ዕቃው ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ የሚይዝ ይሁን፤ ወፏ የምትቆምበት ጠጠር ያድርጉበት፣ በየቀኑም ይለውጡት። በሚያዝያና በግንቦት ሞቃት ቀናት ከምግብ ይልቅ ወፎችን የሚሰበስበው ይህ ሳህን ነው። ዳቦውንና ሩዙን ግን ቢያቆሙት እመርጣለሁ፤ ለወፍ የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው፣ አድሮ የሚስበው ደግሞ አይጥ ነው።

ጥያቄ፦ ችግኝ የሚሸጥ ሰው «ወፍ እንዲመጣልህ ከፈለግህ የወፍ ቆሎ ትከል፣ አጥርም ይሆንሃል» ብሎ ሸጠልኝ። አበባው ቢጫና ሮዝ ቀለም የተቀላቀለበት፣ የሚያምር ነው። ነገር ግን ጎረቤቴ ንቀለው ይለኛል። ማንን ልስማ? (አቶ ተ.፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጎረቤትዎን ይስሙ። የወፍ ቆሎ ከሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ለጌጥ መጥቶ በአገራችን በተለይ በምሥራቁ ክፍል የግጦሽ መሬት የወረረ መጤ ቁጥቋጦ ነው። ወፎች ጥቁር ፍሬውን እንደሚበሉት እውነት ነው፤ ችግሩም ከዚያው ይጀምራል። በልተው ዘሩን በሄዱበት ሁሉ ስለሚጥሉት፣ እርስዎ አንድ ተክለው ጎረቤት፣ ወንዝ ዳርና ግጦሽ ሁሉ ይበቅላል። ከብቶች ቅጠሉን ከበሉ ጉበታቸው ይጎዳል፣ ቆዳቸውም በፀሐይ ይቃጠላል። በሥሩ የአገሩ ተክል እንዳይበቅል ስለሚያፍን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለወፎቹ የሚቀርላቸው ያው አንድ ፍሬ ብቻ ይሆናል። ፍሬው ሳይበስል ከነሥሩ ይንቀሉት፤ በቦታው ሙቀቱን የሚችሉትን ቁርቁራንና እሬትን ይትከሉ።

ጥያቄ፦ በእህል መጋዘናችን ኮርኒስ ውስጥ ፊቷ ነጭ የሆነ ጉጉት ገብታ ፈልፍላለች። ሌሊት እንደ ሰው ትጮኻለች። እናቴ መጥፎ ምልክት ነው ብላ እንቅልፍ አጥታለች፤ ወንድሜም ጭስ አጭሶ ሊያስወጣት ይፈልጋል። አይጥ ስለሚያስቸግረን መርዝም እናስቀምጣለን። ምን እናድርግ? (ከደሴ)

መልስ፦ እናትዎን በማክበር ልጀምር። ጉጉት የሞት ምልክት ናት የሚለው እምነት ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለኝም። ቤት ውስጥ በጽኑ የታመመ ሰው ሲኖር ቤተሰቡ ሌሊቱን ነቅቶ ያድራል፤ ሌላ ጊዜ ተኝቶ ያልሰማውን የጉጉት ጩኸት ያን ሌሊት ይሰማል፤ ሕመምተኛው ሲያርፍ ሁለቱ ነገሮች በአንድነት ይታወሳሉ። ጉጉቷ ግን ለሰው ብላ አልመጣችም፤ አይጥ የሚበዛበትን፣ ጨለማና ጸጥታ ያለውን ቦታ መርጣ ነው። እህል መጋዘን ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

በደብዳቤዎ የገለጿት ወፍ ፊቷ የልብ ቅርጽ ያለው ነጭ ጉጉት ናት፤ እንደ ሌሎቹ ጉጉቶች አታጉተመትምም፣ የምታሰማው የሚሰነጥቅ ጩኸትና ፉጨት የመሰለ ድምፅ ነው። ሌሊት እንደ ማንኮራፋት የምትሰሙት የጫጩቶቹ የምግብ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ጎጆዋ ካለበት ቦታ በታች ወለሉን ብትመለከቱ የአውራ ጣት የሚያህሉ፣ ጥቁርና አመድማ፣ ደርቀው የተድበለበሉ ነገሮች ታገኛላችሁ። እነዚህ ኩስ አይደሉም፤ ጉጉቷ የማትፈጨውን ጠጉርና አጥንት መልሳ የተፋችው ነው። አንዱን ውኃ ውስጥ አርሳችሁ በስንጥር ብትከፍቱት በጠጉሩ መካከል ጥቃቅን የራስ ቅሎች፣ ብርቱካናማ የፊት ጥርስ ያላቸው መንጋጋዎች ይወጣሉ። በአንዱ ድብልብል ውስጥ የሁለትና የሦስት አይጦች ራስ መገኘቱ የተለመደ ነው። ለእናትዎ ከማንኛውም ክርክር ይልቅ ይህን ማሳየት የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ለእህልዎ ዘብ የቆመች መሆኗን በዓይናቸው ያያሉ።

መርዙን ዛሬውኑ አንሡት። መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ ለቀናት እየተንገዳገደ ይቆያል፣ በዚያ ጊዜ ለጉጉት የሚቀለው እሱን መያዝ ነው። እሷም ጫጩቶቿም በዚያው መርዝ ያልቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የተረፉት አይጦች ያለ ጠላት ይራባሉ። በእስራኤል በቤት ሻን ሸለቆ ያሉ ገበሬዎች ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ የአይጥ መርዝን ለመቀነስ በማሳቸው መካከል የጉጉት መኖሪያ ሣጥን መስቀል ጀምረዋል፤ ሥራው ኋላ ወደ ዮርዳኖስና ወደ ፍልስጤም ገበሬዎችም ተሻግሯል። እናንተ ይህን ሁሉ ሳትደክሙበት ጉጉቷ ራሷ መጥታላችኋለች።

ጫጩቶቹ ጎጆ እስኪለቁ ድረስ፣ ማለትም ከተፈለፈሉ ሁለት ወር ያህል፣ ኮርኒሱን አትንኩ። ከዚያ በኋላ በእህሉ ላይ ኩስ እንዳይወድቅ ከፈለጋችሁ ቀዳዳውን ደፍናችሁ ከውጭ በግድግዳው ላይ፣ ከመሬት አራት ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ወለሉ 40 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ መግቢያው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የእንጨት ሣጥን ስቀሉላት። ቀዳዳውን የምትደፍኑት ግን ወፎቹ ሁሉ መውጣታቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ የማገለግለው በደቡብ ጎንደር በሚገኝ ገጠር ደብር ነው። ምእመናን ለበዓል ሲመጡ እንዲመቻቸው የቤተ ክርስቲያኑን ደን ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ መንጥረን፣ የደረቁትን ዛፎች ሸጠን፣ በዳሩ ባሕር ዛፍ ለመትከል ሰበካ ጉባኤው እየተወያየ ነው። በደኑ ያሉት አዕዋፍ ይጎዱ ይሆን? (ቀሲስ መ.)

መልስ፦ አባታችን፣ ቡራኬዎ ይድረሰን። ጥያቄውን ምንጣሮው ሳይጀመር ማንሣትዎ ደኑን ሊያተርፈው ይችላል።

የሰሜኑ ደጋ ደን በአብዛኛው ተመንጥሮ ማሳ ሆኗል፤ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ቅጥር ውስጥ የተጠበቀው ነው። ይህ ደን በማሳ ባሕር መካከል እንደ ደሴት የቆመ ነውና ውስጡ ያሉት ወፎች የሚሄዱበት ሌላ ደን በአቅራቢያ የላቸውም። ከሥር ያለው ቁጥቋጦ እንደ ቆሻሻ ቢታይም የነገው ደን እሱ ነው፤ የወይራው፣ የዝግባው፣ የጥቁር እንጨቱ ልጅ በዚያ ጥላ ሥር ነው የሚያድገው። ቁጥቋጦው ከተመነጠረና ከብት ከገባበት ትልልቆቹ ዛፎች ሲያረጁ የሚተካቸው አይኖርም። በመሬት ላይና በዝቅተኛ ቅርንጫፍ የሚኖሩት ወፎችም መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው።

የደረቀውንም ዛፍ ቢሆን ሁሉንም አይሽጡት። ግንደ ቆርቁር የሚፈለፍለው የሞተን እንጨት ነው፤ እሱ የተወውን ቀዳዳ ሌሎች ይገቡበታል። በጣና ዳር፣ በዘጌ ያሉትን ትልልቅ ወፎች አይተው ይሆናል፤ ምንቃራቸው ላይ እንደ ቀንድ ያለ ጉብታ ያላቸው፣ ሲበሩ ክንፋቸው የሚያጓራ። እንስቷ በአሮጌ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትመርገዋለች፣ የምትተወው ምንቃር የሚያሾልክ ስንጥቅ ብቻ ነው፤ ጫጩቶቹ እስኪያድጉ ድረስ ወንዱ ፍሬ እያመላለሰ በዚያች ስንጥቅ ይመግባታል። ፍልፍል ያለው ትልቅ ዛፍ ከሌለ ይህች ወፍ የምትወልድበት ቦታ የላትም፤ እንዲህ ያለውን ዛፍ ደግሞ በገንዘብ የሚተካው የለም፣ ለማደግ የሰው ዕድሜ አይበቃውምና። የሾላን ፍሬ በልተው ዘሩን ከደን ወደ ደን የሚያደርሱትም እነዚሁ ናቸው።

ለምእመናኑ መመቻቸት ተገቢ ነው። መሄጃው መንገድና የመቆሚያው ዐውደ ምሕረት ብቻ ይጽዳ፤ የቀረው እንዳለ ይቆይ። በዚሁ በእርስዎ አካባቢ የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው በአንዳንድ ደብሮች ያሠሩት የድንጋይ ካብ ከብትን ከደኑ በመከልከል ችግኙ ራሱ እንዲያገግም አድርጓል። ድንጋዩ ከየማሳው የሚለቀም በመሆኑ ለገበሬውም ጥቅም አለው። ካቡን ከደኑ ጠርዝ ጥቂት ሜትሮች ወጣ አድርጋችሁ ብትክቡት ደኑ ወደ ውጭ ለመስፋት ቦታ ያገኛል። ሣሩን ማጨድና ተሸክሞ መውሰድ እንጂ ማሰማራት አይፈቀድ።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ፣ ደብሩ ገቢ እንደሚያስፈልገው እረዳለሁ። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የማገዶና የቤት ችግራችንን ያቃለለ ዛፍ በመሆኑ በጅምላ አልኮንነውም፤ በከተማ ጭላቶች ሳይቀሩ ረጃጅም ባሕር ዛፎች ላይ ጎጆ ይሠራሉ። ነገር ግን በሥሩ ሌላ ተክል በደንብ እንዲያድግ አይፈቅድም፣ ውኃም ይሻማል። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከደኑና ከጸበሉ ርቆ፣ ለብቻው በተከለለ ቦታ ይተከል፤ በደኑ ዳር ግን ብሳና፣ ወይራና ብርብራ ይሁን።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከቤታችን በስተ ኋላ ሰፊ ሣር አለ፤ ለወፎች የጥሬ መመገቢያ ሰቅለናል። ይሁን እንጂ በፀደይና በመከር ወፎች ከትልቁ የሳሎን መስታወት ጋር እየተጋጩ ይሞታሉ፣ ልጆቼም ያለቅሳሉ። መመገቢያውን ላንሣው? ሣሩንስ ምን ላድርገው? (ወ/ሮ ሕ.)

መልስ፦ እህታችን፣ በመስታወቱ እንጀምር፤ ፈጥኖ መፍትሔ የሚያገኘው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት በአሜሪካ በየዓመቱ ከ365 ሚሊዮን እስከ 988 ሚሊዮን ወፎች ከሕንፃ ጋር ተጋጭተው እንደሚሞቱ ገምቷል፤ ከዚህም ከግማሽ በጥቂት የሚያንሰው እንደ እናንተ ባሉ መኖሪያ ቤቶች ነው። ወፏ መስታወት አታይም፤ የምታየው በላዩ ላይ የተንጸባረቀውን ዛፍና ሰማይ ነው። መጋረጃ መዝጋት ነጸብራቁን ስለማያጠፋ አይበቃም፤ አንድ የጭልፊት ሥዕል መለጠፍም አይረዳም። የሚረዳው በመስታወቱ ውጫዊ ገጽ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት መደርደር ነው። ለዚህ የሚሆን የሚለጠፍ ፕላስቲክ ይሸጣል፤ ለጊዜው ልጆችዎ በሳሙና መስመር ቢያሰምሩበትም ይሠራል። መመገቢያውን ከመስታወቱ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት አስጠጉት፤ ከዚያ የሚነሣ ወፍ ቢጋጭም ገና ፍጥነት ስላልያዘ አይጎዳም። በሚያዝያና በግንቦት፣ በመስከረምና በጥቅምት ብዙዎቹ ወፎች የሚሰደዱት ሌሊት በመሆኑ የውጭ መብራት አጥፉ።

መመገቢያውን ለማቆየት ከፈለጉ በየሁለት ሳምንቱ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ይጠቡት፤ ካልታጠበ በሽታ ማስተላለፊያ ይሆናል። ከመመገቢያው ይልቅ ግን ሣሩ ያሳስበኛል። በእናንተው በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ግቢዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት፣ ቺካዲ የምትባለው ትንሽ ወፍ በግቢው ካሉት ዕፅዋት የአገሩ የሆኑት ከ70 በመቶ ካነሱ የሚሞቱባትን የሚተኩ ጫጩቶች ማሳደግ እንደማትችል አሳይቷል። አንድ የቺካዲ ጥንድ የአንድ ጊዜ ጫጩቶቿን ጎጆ እስክታስለቅቅ ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ትለቅማለች፤ ይህን ያህል ትል ከሣርና ከውጭ አገር ቁጥቋጦ አይገኝም። በዚያ አካባቢ ከማንኛውም ዛፍ ይልቅ ብዙ ዓይነት አባጨጓሬ የሚያኖረው ኦክ ነው። የሣሩን አንድ ሦስተኛ ነቅለው አንድ ኦክ ይትከሉ፤ ከሥሩ የአካባቢውን አበቦች ያድርጉና የረገፈውን ቅጠል እዚያው ይተዉት፣ አባጨጓሬዎቹ ከዛፉ ወርደው የሚከርሙት በቅጠሉ ውስጥ ነውና። የሠፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያልተጠረገ ግቢ ላይ ቅሬታ ካለው ዙሪያውን በድንጋይ ወይም በታጨደ ሣር ከለል ማድረግ ሥራው ታስቦበት መሆኑን ያሳያል። ትንኝ ለማጥፋት ግቢውን በሙሉ የሚረጩትን ኩባንያዎች ግን አይጥሩ፤ የሚረጩት መድኃኒት አባጨጓሬውንም ይገድለዋል።

እስከዚያው አንዲት ወፍ ተጋጭታ ብትወድቅ፣ ልጆችዎ በቀስታ አንሥተው አየር በሚያስገባ የካርቶን ሣጥን ውስጥ ጸጥ ባለ ጨለማ ቦታ ያኑሯት፤ ውኃም ምግብም አይስጧት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሣጥኑን ውጭ አውጥተው ይክፈቱላት። ካልበረረች የዱር እንስሳትን ለማከም ፈቃድ ወዳለው ተቋም ትወሰድ፤ ቤት ውስጥ ማሳደጉ እ.ኤ.አ. በ1918 በወጣው ስለ ተሰዳጅ ወፎች በሚደነግገው የአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነው።